«ሴት ብታውቅ…»፦ ስለ ቼዝ፣ ስለ ጋይንትና ስለ ተማረው ወንድ

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት በአደባባይ የሚደግም የተማረ ሰው ዛሬ ብዙ አይገኝም። ተረቱ ግን አልሞተም። ከረባት አስሮ፣ መነጽር አድርጎ፣ «በጥናት እንደተረጋገጠው» የሚል መግቢያ ተሰጥቶት በመምህራን ክበብና በሆቴል በረንዳ ይዘዋወራል። ከሚወዳቸው ማስረጃዎች አንዱ ደግሞ ቼዝ ነው። «ፖለቲካውን ጭቆና ነው በል፤ ሳይንሱን የትምህርት ዕድል ማጣት ነው በል፤ ቼዝ ግን ጡንቻ አይጠይቅ፣ ገንዘብ አይጠይቅ፣ ሴትን የሚከለክል ሕግ የለው። ታዲያ ሴቶቹ የት አሉ?» ይላል። ይህን ብሎም ነገሩ ያለቀ መስሎት ቡናውን ያነሳል።

ጥያቄውን ንቄ አላልፈውም። እውነት ነው፤ በዓለም ላይ የግራንድ ማስተርነት ማዕረግ ካገኙት ወደ 2000 የሚጠጉ ተጫዋቾች መካከል ሴቶቹ ከ50 አይበልጡም። በእኛም አገር የቼዝ ውድድር ወደሚካሄድበት አዳራሽ ገብቶ ለሚቆጥር ሰው ልዩነቱ ገሃድ ነው። ቁጥሩ አያጣላንም፤ የሚያጣላን ትርጉሙ ነው። የክርክሬን መነሻ የማደርገውም ሞስኮን ወይም ኒው ዮርክን ሳይሆን የተወለድሁበትን ምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደርን፣ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ነው። «እዚያ ቼዝ የሚባል ነገር መቼ አለና?» ትሉኝ ይሆናል። እምብዛም የለም። ነገር ግን ለአእምሮ ጨዋታ የሚሆን ትርፍ ሰዓት ለማን እንደሚሰጥና ከማን እንደሚነጠቅ ያለ መጋረጃ የሚታየው እንዲህ ባለው አገር ነው።

ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ በሽሎ ሸለቆ ድረስ ያለ ማንኛውም ወንድ ልጅ እረኛ ነበረ ወይም ነው። እረኝነት ከባድ ሥራ ነው፤ ብርዱን፣ ጅቡን፣ ከብት ማሳ ሲገባ የሚመጣውን የአባት ዱላ አውቀዋለሁ። ሆኖም እረኝነት ክፍተት ያለው ሥራ ነው። ከብቶቹ ሣር ላይ ሲረጋጉ ልጆቹ መሬቱን ቆፍረው፣ ጠጠር ለቅመው ገበጣ ይጫወታሉ። እኔ መደመርንና መቀነስን ከመምህሬ በፊት የተማርሁት ከገበጣ ነው። በየቀኑ፣ ሰዓታት ሙሉ፣ ከእኩያ ጋር፣ እየተሸነፉና እንደገና እየጀመሩ፣ የሌላውን ሰው ሐሳብ ሦስት እርምጃ ቀድሞ ለማየት እየሞከሩ መዋል! የቼዝ አሠልጣኝ በገንዘብ የሚሸጠውን መሠረት እኛ በነጻ አገኘነው።

እኅታችንስ? ጎሕ ሳይቀድ ምንጭ ትወርዳለች። ከምንጭ መልስ ኩበቱ አለ፤ ከኩበቱ ቀጥሎ ማገዶው፣ ወፍጮው፣ ሊጡ፣ ምጣዱ። ታናሽ ወንድሟ ከጀርባዋ አይወርድም። እርግጥ ሴት ልጆችም ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ፤ ግን ቆመው እየሰሙ፣ «ነይ አንቺ!» የሚለው ድምፅ እስኪመጣ ድረስ ብቻ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ክፍተት ብትተርፋት እንኳ ክፍተቷ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል፤ ወይ እንዝርት ወይ ስፌት ትይዛለች። ወንዱ «አረፈ» ሲባል እጁ ባዶ ነው። ሴቷ «አረፈች» ሲባል እጇ ላይ ሥራ አለ። የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናትም ያለ ክፍያ የሚሠራው የቤት ሥራ ሸክም በሴቷ ላይ መውደቁን አገር አቀፍ በሆነ መረጃ አሳይቷል፤ ለጋይንት እናቶች አዲስ ነገር አልነበረም።

ከገጠር ወጥተን ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ እንግባ። በሱቅ ጥላ ሥር ሰሌዳ ዘርግተው በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ወንዶች አታጡም። ዙሪያቸውን የቆሙ ተመልካቾችና መካሪዎችም አሉ። እስቲ አንዲት ልጃገረድ እዚያ መካከል ገብታ ቆርኪ ስትገፋ አስቡ! የሚከለክላት ሕግ የለም፤ የሚወጣላት ስም ግን አለ። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የተባለው ለፍርድ ቤት ብቻ አይደለም፤ ሰው ተሰብስቦ አእምሮውን የሚፈትንበት ቦታ ሁሉ በአገራችን ልማድ ችሎት ነው።

የችሎትን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ጋይንት የድንቁርና አገር እንዳልሆነ ለማያውቅ አንባቢ መናገር አለብኝ። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም ጋይንት ናት። የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አባም እዚያው ጋይንት ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከሸዋና ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ እየተነሣ ወደነዚህ ጉባኤ ቤቶች ጎርፏል። ግዙፍ የሆነውን ድጓ በቃል ማጥናት፣ በመምህር ፊት መፈተን፣ ከጓደኛ ጋር መፎካከር፣ ይህ ሁሉ ከቼዝ የሚያንስ የአእምሮ ውድድር አይደለም። የጋይንት ሴት ልጅ በደጇ ያለፈውን ይህን ሁሉ ተማሪ አኩፋዳ ስትሞላ ኖረች። እሷ ራሷ ግን አኩፋዳ አንግታ ልትሄድ አትችልም ነበር።

«ታዲያ ብትሄድስ ትችለው ነበር ወይ?» ለሚለኝ ሰው አንድ ስም እጠራለታለሁ፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ። ጎጃም፣ ጽላሎ። ዓይነ ስውር የነበሩት እኒህ ሴት ቅኔን የተማሩት የቅኔ መምህር ከነበሩት አባታቸው ነው። ተምረው አልቀሩም፤ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን ቅኔ አስተማሩ፤ ከእሳቸው ተምረው የወጡ ብዙዎች ናቸው። ስለ እሳቸው ሳስብ ዘወትር አንድ ክፉ ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ዓይናቸው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ምንጭ ይወርዱ፣ እንጀራ ይጋግሩ፣ በጊዜያቸውም ይዳሩና ቅኔው ሳይታወቅ ይቀር ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ደግሞስ ለአእምሮ ምስክር ለመፈለግ ጉባኤ ቤት ድረስ መሄድ ለምን ያስፈልጋል? በጋይንትና በስማዳ ለቅሶ የደረሰ ሰው አልቃሽን ሰምቷል። አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት የሟቹን የዘር ሐረግ፣ የሠራውን፣ የተጣላውን፣ የከዳውን ሁሉ በቃሏ ይዛ፣ በዚያው ቅጽበት ቤት እየመታች፣ ሰምና ወርቁን ለይታ በሕዝብ ፊት ታወርደዋለች። ከተሰበሰበው ወንድ መካከል በግጥሟ የተወጋው ማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል። ይህን የማስታወስ፣ የማስላትና ቀድሞ የማየት ችሎታ «የለም» የሚል ምሁር የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ወይም ገብቶ ካርታ ሲጫወት አምሽቷል።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ሰንጠረዥ እንምጣ፤ ቼዝ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለምና። ሰንጠረዥ በነገሥታቱና በመሳፍንቱ ድንኳን ለዘመናት ሲጫወቱት የኖረ ጨዋታ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመጣው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል። ከበጌምድርና ከስሜን መሳፍንት ወገን የተወለዱት እቴጌ ጣይቱም ቅኔ እንደሚያውቁ፣ በገና እንደሚደረድሩና ሰንጠረዥ እንደሚጫወቱ ተጽፎላቸዋል። በጥር 1888 ዓ.ም መቀሌ ላይ የመሸገውን የኢጣሊያ ጦር ምንጩን በመያዝ በውኃ ጥም ለማስለቀቅ የመከሩት እሳቸው መሆናቸውን ስናስብ ጨዋታው ባክኖ አልቀረም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሰንጠረዥ የተጫወተችው ሴት ውኃ የሚቀዳላት ሴት ናት። የጣይቱን ያህል አእምሮ የነበራት የስማዳ ገረድ እንስራ ተሸክማ በድንኳኑ ጀርባ አልፋለች።

ሰንጠረዥ ዛሬ ዓለም ከሚጫወተው ቼዝ የሚለይበት አንድ ሕግ አለው፤ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው የፈቀደውን ያህል ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ዘግይቶ የተቀመጠ ሰው ሰልፉን ሳያስተካክል ይበላል። ወንዱ ልጅ በሰባት ዓመቱ ወረራውን ጀምሮ ሲያሰልፍ ውሏል። ሴቷን ደግሞ በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ ጠርተን «ነይ ተጫወቺ፤ ሰሌዳው ለሁሉም እኩል ነው» እንላታለን። ስትሸነፍም ተፈጥሮዋን እንመረምራለን!

ይህ የጋይንት ድህነት ያመጣው ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ ሌላው ዓለም እንሻገር። ሀንጋሪያዊው ላስሎ ፖልጋር ሦስት ሴት ልጆቹን ከባለቤቱ ጋር ቤት ውስጥ ቼዝ እያስተማረ አሳደገ። ትልቋ ሱዛን ግራንድ ማስተር ሆነች። ትንሿ ዩዲት እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ15 ዓመቷ፣ ከቦቢ ፊሸር ባነሰ ዕድሜ ግራንድ ማስተርነትን አገኘች፤ በ2002 ጋሪ ካስፓሮቭን በፈጣን ቼዝ አሸነፈች፤ በ2005 ከዓለም ወንድ ሴት ሳይባል ስምንተኛ ነበረች። የእማሆይ ገላነሽን ታሪክ ከዚህ ጋር አስተያዩት፤ አስተማሪ አባት፣ ቤት ውስጥ የተዘረጋ ጉባኤ፣ በልጅነት የተጀመረ ወረራ። ይኸው ነው ምስጢሩ። እንዲያም ሆኖ ሱዛን እ.ኤ.አ. በ1986 ለዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያ የሚያበቃትን ውጤት አምጥታ «የወንዶች ነው» ተብላ ተከልክላለች። «የሚከለክል ሕግ የለውም» የሚለው ወዳጃችን ይህን አያውቅም።

ጆርጂያ ደግሞ አለች፤ ተራራማ፣ ኦርቶዶክሳዊት፣ ሕዝቧ ከ4 ሚሊዮን የማይበልጥ አገር። በዚያ ለምትዳር ልጅ ከጥሎሽ ጋር የቼዝ ሰሌዳ መስጠት የቆየ ልማድ እንደሆነ ይነገራል። ከእሷው የወጣችው ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1978 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ነበረች፤ በ1978ም የግራንድ ማስተርነትን ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሻምፒዮንነቱን የነጠቀቻትም ሌላ የጆርጂያ ልጅ፣ ማያ ቺቡርዳኒዜ ናት። የጆርጂያ ሴት ከኬንያ ወይም ከፈረንሳይ ሴት የተለየ አንጎል ስላላት ነው የሚል ካለ ይናገር። እኛ ለምናገባት ልጅ ጥሎሽ ስንቆጥር ሰሌዳ ትዝ ብሎን ያውቃል?

«በጥናት እንደተረጋገጠው» ለሚሉትም ጥናት አለን። ቢላሊችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ የጀርመንን የቼዝ ተጫዋቾች መዝገብ መረመሩ። በዚያ ለአንዲት ሴት 16 ወንዶች ነበሩ። በ100ዎቹ ምርጥ ወንዶችና በ100ዎቹ ምርጥ ሴቶች መካከል ካለው የነጥብ ልዩነት 96 በመቶው በዚህ የቁጥር መበላለጥ ብቻ እንደሚገለጽ አሰሉ። ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ከ16 መንደር የተመረጠ ሯጭ ከአንድ መንደር ከተመረጠው ጋር ቢሮጥ የ16ቱ መንደር ሰው ቢቀድም ማንም ስለ መንደሩ አጥንት አይመራመርም። እርግጥ ስሌቱ ተጋንኗል ብለው የተከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ክርክሩ ይቀጥል። ቻብሪስና ግሊክማን ግን ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በአሜሪካ ከጀማሪዎቹ ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች በሆኑባቸው አካባቢዎች የሴት ልጆችና የወንድ ልጆች የመነሻ ነጥብ እንደማይለያይ አሳይተዋል። በ2008 ደግሞ ማስና ባልደረቦቿ እኩል ችሎታ ያላቸውን ወንዶችና ሴቶች በኢንተርኔት አጋጠሙ። ሴቶቹ ተጋጣሚያቸው ወንድ መሆኑን ሲያውቁ አጨዋወታቸው ወደቀ፤ ያው ተጋጣሚ ሴት እንደሆነ ሲነገራቸው ግን እኩል ተጫወቱ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» በጆሯ ሲንቆረቆር ያደገች ልጅ ፊት ለፊቷ ያለው አንድ ተጫዋች ብቻ አይደለም፤ ተረቱም ተቀምጧል።

አሁን ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝን ልናገር። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የተማረ ወዳጄ ቤት ተጋበዝሁ። ከምሳ በኋላ ከልጁ ጋር ቼዝ ዘረጋ፤ እየተጫወተም ያንን የታወቀውን «ሴቶቹ የት አሉ?» አነሣ። ሠራተኛቸው ዕድሜዋ ቢበዛ አሥራ አምስት ነው። ቡናውን አቅርባ ቆመች። አነጋገሯን ሰምቼ ከየት እንደሆነች ጠየቅኋት።

«ከስማዳ ነኝ፣ ጋሼ።»

ትምህርቷን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጣለች። ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ስለነበር ፈረሱ እንዴት እንደሚሄድ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ሁለት ሄዶ አንድ ይታጠፋል።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ሲጫወቱ አይቼ ነው።»

ወዳጄ ሳቀ፤ በእውነትም ደስ ያለው ይመስል ነበር። «ጎበዝ ናት፤ የአስቤዛውን ሒሳብ እንኳ ሳትጽፍ በቃሏ ነው የምትይዘው» አለኝ። ከዚያም «አንቺ ልጅ፣ ሁለተኛውን አምጪ» አላት። ሁለተኛውን አመጣች። እኔ በዚያ ሰዓት የምለው አልጠፋኝም፤ አልሁትም፤ ምሳው ግን በመልካም አላለቀም።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚወጡ ሴት ልጆች ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ቤይሩትና ወደ ሪያድ ማጀት የሚጎርፉት ለምንድን ነው? ድርቅና የመሬት ጥበት አለ፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻም አለ። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ለጋብቻ 18 ዓመትን ደንግጓል፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ የሚያጋባንና የሚያገባን ይቀጣል። ሕጉ ወረቀት ላይ አለ፤ ልጅቱ ደግሞ ከሠርጉ አምልጣ አውቶቡስ ላይ አለች። የምትገባውም እኛ የተማርነው ቤት ነው። የእኛ ልጅ ቼዝ የሚጫወትበት ሰዓት ከሰማይ አልወረደም፤ እሷ ሳህን ስታጥብ የተገኘ ሰዓት ነው። በሌላ አነጋገር የጋይንቷ ልጅ ሁለት ጊዜ ተነጥቃለች፤ መጀመሪያ ለወንድሟ ገበጣ፣ ቀጥሎ ለእኛ ልጅ ቼዝ።

የአዲስ አበባዋ የተማረ ሰው ልጅስ? ሰዓት አላት፤ ሠራተኛ አለላት። እሷን የሚያስቀራት ሌላ ነገር ነው። ወንድሟ ስምንት ዓመት ሲሞላው ሰሌዳ ተገዛለት፤ ለእሷ አልተገዛላትም። ወጣት ማዕከል ብትሄድ ከፑልና ከከረምቡላ ጋር በአንድ አዳራሽ የታጨቀውን የወንድ ጫጫታ አልፋ ነው የምትቀመጠው፤ አንድ ቀን ሄዳ ሁለተኛ አትመለስም። ከሠላሳ ወንዶች መካከል ብቸኛዋ ሴት መሆን ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው «ለምን ተወችው?» ብሎ ይደነቃል።

«አገር በጦርነት እየነደደ ስለ ቼዝ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጋይንት የደረሰበትን ለእኔ መንገር አያስፈልግም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ንፋስ መውጫ በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ በነበረችበት ጊዜ በሴቶች ላይ የተፈጸመውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልሉ በተቀጣጠለው ግጭት ሳቢያም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለወንዱ በሬ፣ ለሴቷ ባል ይታሰባል። እኔ ግን ቼዝን ያነሣሁት እንደ መዝናኛ አይደለም። ገንዘብና ጉልበት የማይጠይቅ፣ ሰዓትና ወንበር ብቻ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ ለሴት ልጅ ሰዓትም ወንበርም እንደሌላት ያለ ሰበብ ያጋልጣል።

ለሴቶች ብቻ የሚዘጋጅ ውድድርን በተመለከተ ሁለት አሳብ አለ። ዩዲት ፖልጋር አልቀበልም ብላ ከወንዶቹ ጋር ተጫውታለች፤ ልክ ነበረች። እኛ ግን ገና ሃያ ሴት ልጆች በአንድ አዳራሽ ለመሰብሰብ የምንቸገር ነንና ለጊዜው ይኑር እላለሁ። ማርች 8 ሲደርስ በዓመት አንድ ቀን የሚደረገውንና በፎቶግራፍ የሚያልቀውን ግን አልቆጥረውም።

ለወላጆችና ለትምህርት ቤቶች የምለው አጭር ነው። ሰሌዳውን ለሴቷ ልጅ ከስምንት ዓመቷ በፊት ግዙላት፤ ወንዱ ሳህን ይጠብ። የክፍለ ጊዜ ድልድል የምታወጡ ርእሳነ መምህራን ክበቡን ከትምህርት በኋላ አታድርጉት፤ ከትምህርት በኋላ ሴቷ ቤቷ ትፈለጋለች፤ በትምህርት ሰዓት ውስጥ አስገቡት። ቤታችሁ ያለችውን የስማዳ ልጅ የማታ ትምህርት አስመዝግቧት፤ ፈረሱ እንዴት እንደሚታጠፍ ማወቋን እያደነቃችሁ አትሳቁ።

ለዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቼ ደግሞ የተለየ ጥያቄ አለኝ። ስሙን በማልጠራው አንድ ተቋም የተማሪዎች የቼዝ ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። አንዲትም ሴት አልተመዘገበችም። አዘጋጁን ምክንያቱን ስጠይቀው «ማስታወቂያ ለጥፈናል፤ ፍላጎት የላቸውም» አለኝ። ጨዋታው የሚጀመረው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅሁት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ የሚያልቀው እስከ 5 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። የሴቶች ማደሪያ በር የሚዘጋው 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ከአዳራሹ እስከ ማደሪያው ያለው መንገድም መብራት የለውም። የሚቀጥለው ውድድር ቅዳሜ ጠዋት ይሁን። ከዚያ በኋላ የተመዘገቡትን እንቁጠር።